ደሴት መስላ ያመለጠችው መርከብ

 

በዚህ ወር ዓምዳችን የምናወጋችሁ ስለ አንዲት መርከብ ነው። ወላጆች፣ እስቲ ልጆቻችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡና ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። ፊደል የቆጠራችሁ ልጆች ደግሞ ከእናትና ከአባታችሁ ጋር ተራ በተራ አንብቡ። የከበዳችሁን ቃል ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። በመጨረሻም ለመላው ቤተሰብ የሚሆን ጥያቄ አስቀምጠንላችኋል።

መጀመሪያ ግን እኔም ልጠይቃችሁ። ድብብቆሽ ተጫውታችሁ ታውቃላችሁ? አገር ቤት ልጆች ሳለን ፈላጊው ዓይኑን ጨፍኖ «ኩኩሉ!» ሲል፣ የሚደበቁት «አልነጋም!» እያሉ ይመልሱለት ነበር። ገና ጥጋችንን አልያዝንም፣ ቆይ ማለታቸው ነው። ሁሉም ከተደበቀ በኋላ ግን «ነጋ!» ይባላል። ከዚያ ወዲያ የሚያዋጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዝም ብሎ፣ ሳይንቀሳቀሱ መቆየት። እግሩን ያነሳ ወይም ሳቁ ያመለጠው ይያዛል።

የዛሬዋ መርከባችን ይህንኑ ጨዋታ በእውነተኛ ጦርነት መሐል ተጫውታዋለች። በውስጧ 45 ሰዎች ነበሩ። ከተያዙ ደግሞ «እንደገና እንጫወት» የሚባል ነገር የለም።

ስሟ አብርሃም ነው

የመርከቧ ስም «አብርሃም ክራይንሰን» ነው። ልጆች ወዲያው «እንዴ! አብርሃም የወንድ ስም አይደል? መርከብ ደግሞ በሴት አይደል የምትጠራው?» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ነገር ግን የሆላንድ ባሕር ኃይል ለመርከቦቹ የድሮ የባሕር አዛዦችን ስም የማውጣት ልማድ አለው። አብርሃም ክራይንሰን በ17ኛው መቶ ዘመን የኖረ የዜላንድ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1667 በደቡብ አሜሪካ የምትገኘውን ሱሪናምን ከእንግሊዞች እጅ የነጠቀው እሱ ነው።

መርከቧ የተሠራችው ስኺዳም በተባለች የሆላንድ ከተማ፣ ጉስቶ በሚባል የመርከብ መሥሪያ ነው። በ1936 ለመጀመሪያ ጊዜ ውኃ ነካች፤ በ1937 ሥራ ጀመረች። (ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያም ረጅም መንገድ ተጉዛ ያኔ በሆላንድ ቅኝ ግዛት ሥር ወደነበሩት፣ ዛሬ ኢንዶኔዥያ ወደምንላቸው ደሴቶች ሄደች። ሰፈሯ በጃቫ ደሴት ላይ ያለችው የሱራባያ ወደብ ሆነች።

ሥራዋስ? ፈንጂ ጠራጊ ናት።

ባሕር እንዴት ይጠረጋል?

ቤት በመጥረጊያ ይጠረጋል፤ ባሕርስ? ይህን ለመረዳት መጀመሪያ የባሕር ፈንጂን ማወቅ አለብን።

በዚያ ዘመን የታወቀው የባሕር ፈንጂ ትልቅ የብረት ኳስ ይመስላል። ውስጡ ፈንጂ አለ፤ ግን አየርም ስላለበት መንሳፈፍ ይፈልጋል። እንዳይንሳፈፍ ደግሞ በብረት ገመድ ከባሕሩ ወለል ላይ ካለ ከባድ ክብደት ጋር ይታሰራል። ፊኛ በክር አስራችሁ ክሩን ከድንጋይ ጋር ብታያይዙት ማለት ነው። ፈንጂው ከውኃው በታች፣ ዓይን ከማያየው ቦታ ቆሞ መርከብ ይጠብቃል።

በኳሱ ላይ እንደ ቀንድ የወጡ ነገሮች አሉ። ቀንዶቹ ከለስላሳ እርሳስ የተሠሩ ናቸው። በእያንዳንዱ ቀንድ ውስጥ አሲድ የያዘ ቀጭን የመስታወት ብልቃጥ አለ። መርከብ ቀንዱን ሲገጨው እርሳሱ ይጎብጣል፣ መስታወቱ ይሰበራል፣ አሲዱ ይፈስሳል። ያኔ ቀንዱ ራሱ እንደ ትንሽ ባትሪ ሆኖ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ያቺ ጥቂት ኤሌክትሪክ ፈንጂውን ታፈነዳዋለች። ፈንጂው ማን እንደመጣ አያይም። የጦር መርከብ ይሁን፣ ስንዴ የጫነ ይሁን፣ ስደተኛ የያዘ ይሁን፣ ለእሱ ሁሉም አንድ ነው። ጦርነቱ ካበቃ በኋላም ቢሆን ማብቃቱን የሚነግረው የለም።

ፈንጂ ጠራጊዋ መርከብ እንግዲህ ወደዚህ ቦታ ሆን ብላ ትገባለች። ከኋላዋ ረጅም የብረት ገመድ ትጎትታለች። ገመዱ በተንሳፋፊ ነገር ተይዞ ወደ ጎን ይዘረጋል፤ መቁረጫም ተገጥሞበታል። የሚጎተተው ገመድ የፈንጂውን ማሰሪያ ሲያገኘው ይቆርጠዋል። ማሰሪያው የተቆረጠው ፈንጂ ልክ እንደተለቀቀ ፊኛ ብቅ ብሎ ውኃው ላይ ይንሳፈፋል። መርከበኞቹም ከሩቅ ሆነው በጥይት ይመቱታል፤ ወይ ይፈነዳል፣ ወይ ተበስቶ ይሰምጣል።

እንዲህ እየተመላለሱ፣ ገበሬ እርሻውን ትልም በትልም እንደሚያርስ፣ ባሕሩን መስመር በመስመር ማጽዳት ነው። ጀብዱ የሚባል ዓይነት ሥራ አይደለም። ግን ፈንጂ ጠራጊዋ ቀድማ ካልሄደች ትልልቆቹ መርከቦች ከወደብ መውጣትም መግባትም አይችሉም።

ለሥራዋ የተቆረጠች

የአብርሃም ክራይንሰን አሠራር ለዚሁ ሥራ የታሰበ ነው። ርዝመቷ 56 ሜትር ያህል ነው፤ አራት ተኩል የከተማ አውቶቡሶች በሰልፍ እንደቆሙ አስቡት። ወርዷ 8 ሜትር አይሞላም። ክብደቷ 525 ቶን ነው፤ ይህ ለጦር መርከብ ትንሽ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ውኃ ውስጥ የምትገባው ሁለት ሜትር ከጥቂት ብቻ መሆኑ ነው። ለምን መሰላችሁ? ጥልቅ ያልገባች መርከብ ከውኃው በታች በተጠመደ ፈንጂ አናት ላይ ሳትነካው ልታልፍ ትችላለች። ጥልቀት በሌለው ባሕርና በደሴቶች ጠርዝ ላይም እንደልቧ ትንቀሳቀሳለች።

በሁለት ቦይለርና በሁለት የእንፋሎት ሞተር የምትሄድ ሲሆን ከፍተኛ ፍጥነቷ 15 ኖት፣ በእኛ ልኬት በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ብስክሌት የሚወድ ጎረምሳ ይቀድማታል። መሣሪያዋ አንድ 76 ሚሊ ሜትር መድፍ፣ ጥቂት ቀላል የአየር መቃወሚያና በሰርጓጅ መርከብ ላይ የሚጣሉ የጥልቀት ቦምቦች ነበሩ።

ይህን ከጃፓን ክሩዘሮች ጋር አወዳድሩት። እነሱ 203 ሚሊ ሜትር መድፎች ነበሯቸው፤ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣሉ። ከእነሱ ጋር መዋጋት አይታሰብም። ከእነሱ ሮጦ ማምለጥም አይታሰብም።

ጦርነቱ ሲደርስ

በሜይ 1940 ጀርመን ሆላንድን ወረረች። ንግሥት ዊልሄልሚና ወደ ለንደን ተሰደዱ። በሩቅ እስያ ያሉት የሆላንድ መርከበኞች አገራቸው በጠላት እጅ ስትወድቅ እዚያው ሆነው ሰሙ። ቤተሰባቸው እዚያ፣ እነሱ እዚህ። ይህን ስሜት ማስረዳት የማያስፈልጋችሁ አንባብያን እንዳላችሁ አውቃለሁ።

በዲሴምበር 1941 ደግሞ ጃፓን ወደ ጦርነቱ ገባች። እነዚያ ደሴቶች ነዳጅ ነበራቸው፤ ጃፓን ደግሞ ነዳጅ በእጅጉ ትፈልግ ነበር። በፌብሩዋሪ 27 ቀን 1942 በጃቫ ባሕር ላይ ትልቅ የባሕር ውጊያ ተደረገ። የሆላንድ፣ የእንግሊዝ፣ የአሜሪካና የአውስትራሊያ መርከቦች አንድ ላይ ተሰልፈው ተሸነፉ። የተባበረው ጦር አዛዥ የነበሩት የሆላንዱ አድሚራል ካሬል ዶርማን ከመርከባቸው ጋር ሰመጡ።

ከዚህ በኋላ ለቀሩት መርከቦች የመጣው ትእዛዝ «ወደ አውስትራሊያ ሽሹ» የሚል ነበር። በሱራባያ አካባቢ አራት እህትማማች ፈንጂ ጠራጊዎች ነበሩ፤ አብርሃም ክራይንሰን፣ ያን ፋን አምስተል፣ ፒተር ደ ቢተርና ኤላንድ ዱቡዋ። አራቱም ዘገምተኛ፣ አራቱም ደካማ መሣሪያ ያላቸው። ሰማዩ የጃፓን አውሮፕላን፣ ባሕሩ የጃፓን መርከብ ሞልቶታል። ከሱራባያ እስከ ምዕራብ አውስትራሊያዋ ጄራልድተን በቀጥታ መስመር እንኳ ወደ 2,400 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ልጆች፣ ወደሚቀጥለው ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ደቂቃ አስቡ።

ዛፍ የበቀለባት መርከብ

የአብርሃም ክራይንሰን ሰዎች ያደረጉት ይህን ነው። ዙሪያቸውን ተመለከቱ። በኢንዶኔዥያ ባሕር ላይ ብዙ ሺህ ደሴቶች አሉ፤ አንዳንዱ ሰው የማይኖርበት፣ ዛፍ ብቻ የለበሰ ትንሽ ኮረብታ ነው። ከእነዚህ መሐል አንድ ተጨማሪ ደሴት ቢኖር ማን ይቆጥራል?

መርከበኞቹ ወደ ደሴት ወርደው ዛፍና ቅርንጫፍ ቆረጡ። የመርከቧን ወለል፣ መድፉን፣ ምሰሶውን፣ ጭስ ማውጫውን በቅጠል ሸፈኑት። በቅጠል ያልተሸፈነውን የመርከቧን አካል ደግሞ ድንጋይና ገደል እንዲመስል ቀለም ቀቡት። በጊዜው የተነሳ ፎቶግራፍ አለ። ስታዩት መጀመሪያ የሚታያችሁ ጥሻ ነው፤ መርከቧን ለማግኘት ዓይናችሁን ማሻሸት ይኖርባችኋል።

ግን ልብ በሉ፤ ቅጠል ብቻውን አያድንም። ከአውሮፕላን ወደ ታች የሚያይ ሰው መርከብን የሚለይባት በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ቅርጿ ነው፤ ተፈጥሮ ውስጥ እንደ መርከብ ቀጥ ያለ መስመርና ሹል አፍንጫ የለም። ይህን ቅጠሉ ያጠፋዋል። ሁለተኛው እንቅስቃሴዋ ነው። የምትሄድ መርከብ ከኋላዋ ነጭ የአረፋ መስመር ትተዋለች፤ ያ መስመር ከመርከቧ ይልቅ ከሩቅ ይታያል። የሚሄድ ደሴት ደግሞ ማን አይቶ ያውቃል? ጫካ የለበሰ ነገር ባሕር ላይ ሲጓዝ ከታየ፣ ከባዶ መርከብ ይልቅ እሱ ጥርጣሬ ይጠራል።

ስለዚህ ቀን ቀን መልህቅ ጥለው፣ ከእውነተኛው ደሴት ዳር ተጠግተው ይቆማሉ። ውኃ ውስጥ ብዙ የማትገባ መርከብ መሆኗ እዚህ ላይ ጠቀማት፤ ትልቅ መርከብ ያን ያህል ወደ ዳር ሊጠጋ አይችልም። ለፈንጂ የታሰበው አሠራር ለመደበቅም ሆነ። ፀሐይ ስትጠልቅ መልህቁን ያነሳሉ፣ በጨለማ ይጓዛሉ። ሊነጋ ሲል ሌላ ጥግ ፈልገው ይቆማሉ።

ኩኩሉ! አልነጋም።

እስቲ ያንን የቀን መቆም አስቡት። በሞቃት አገር፣ በሚጋል የብረት ወለል ላይ፣ 45 ሰው። ሞተር ቢያስነሱ ጭስ ይታያል። መድፍ አላቸው፤ ቢተኩሱ ግን ራሳቸውን ያጋልጣሉ። ሰው ሲፈራ እጅና እግሩ አንድ ነገር ማድረግ ይፈልጋል። የእነሱ ሥራ ግን ምንም አለማድረግ ነበር።

ከደሴቶቹ መሐል ከወጡ በኋላ ደግሞ ሌላ ፈተና መጣ። ከዚያ ወዲያ ያለው ክፍት ውቅያኖስ ነው። በባዶ ውቅያኖስ መሐል ብቻውን የቆመ ጥሻ ማንንም አያታልልም። እዚያ የነበራቸው ሞተራቸውና ዕድላቸው ብቻ ነው።

ማርች 20 ቀን 1942 አብርሃም ክራይንሰን ጄራልድተን ወደብ ገባች። ጃቫ በጃፓን እጅ ከወደቀች ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላም። ከጃቫ አምልጠው አውስትራሊያ ከደረሱት መርከቦች የመጨረሻዋ እሷ እንደነበረች ይነገራል።

ሦስቱ እህቶቿስ? ሁለቱን ጠላት እጅ እንዳይገቡ የራሳቸው ሰዎች አሰመጧቸው። ያን ፋን አምስተል ደግሞ መንገድ ላይ በጃፓን የጦር መርከብ ተይዛ ሰመጠች። አንድ ዓይነት አሠራር፣ አንድ ዓይነት ትእዛዝ፣ አንድ ዓይነት ባሕር ነበር። የደረሰችው ግን አንዷ ብቻ ናት። ይህን የምጽፈው ለልጆች «ብልህ የሆነ ሁልጊዜ ያመልጣል» ብለን እንዳንዋሽ ነው። ብልሃት ያስፈልጋል፤ ዕድልም ያስፈልጋል። ያልደረሱት ሰነፎች ስለነበሩ አይደለም።

በሰው ባንዲራ ሥር

አሁን መርከቧ ተርፋለች። ግን የምትመለስበት አገር የላትም። ሆላንድ በጀርመን፣ ጃቫ በጃፓን ተይዘዋል። ታዲያ ምን አደረገች? ሥራ ገባች!

በሴፕቴምበር 28 ቀን 1942 በአውስትራሊያ ባሕር ኃይል ስም ተመዘገበች። ባንዲራዋ ተለወጠ፣ ስሟ ግን አልተለወጠም፤ አውስትራሊያኖቹም አብርሃም ክራይንሰን ብለው ጠሯት። በመርከቧ ላይ የሆላንድ፣ የአውስትራሊያና የእንግሊዝ መርከበኞች አንድ ላይ አገለገሉ። ሥራዋ ፈንጂ መጥረግ ሳይሆን የጭነት መርከቦችን ከሰርጓጅ መርከብ መጠበቅ ሆነ። ያልተፈጠረችለት ሥራ ነው። ዲግሪውን ሰቅሎ ታክሲ የሚነዳ፣ መምህር ሆና ሳለ ሰው ቤት የምትሠራ ሰው በየቤታችን አለና ይገባናል።

ሁሉም ነገር ግን አልተሳካላትም። በ1943 መጀመሪያ ላይ በአውስትራሊያና በታስማኒያ መሐል ባለው የባስ ወሽመጥ መርከቦችን አጅባ ስትሄድ ሰርጓጅ ያለ መሰላቸውና በችኮላ የጥልቀት ቦምብ ጣሉ። የጥልቀት ቦምብ ከጣላችሁ በፍጥነት ከቦታው መራቅ አለባችሁ። መርከባችን ደግሞ ፈጣን እንዳልሆነች አይተናል። ቦምቡ እሷ ሳትርቅ ፈነዳ፣ ቧንቧዋና ምስማሯ ተጎዳ፣ ለጥገናም ገባች። በገዛ ቦምቧ መጎዳቷ ነው!

በሜይ 1943 ወደ ሆላንድ ባሕር ኃይል ተመለሰች፤ ሥራዋ ግን እዚያው አውስትራሊያ ቀጠለ። በጁን 1945 «ኬ 9» የምትባል አሮጌ የሆላንድ ሰርጓጅ እየጎተተች ከሲድኒ ወደ ዳርዊን ስትሄድ መጎተቻው ገመድ ተበጠሰ። ሰርጓጇ ሲል ሮክስ ከሚባል ቦታ ዳርቻ ላይ በማዕበል ተጣለች። ዛሬ ያ ዳርቻ «የሰርጓጅ ባሕር ዳርቻ» ይባላል። በሲድኒና በኒውካስል ያላችሁ ቤተሰቦች በበጋ ለመዝናናት ወደዚያ ከሄዳችሁ ስሙ ከየት እንደመጣ ለልጆቻችሁ መንገር ትችላላችሁ።

በመጨረሻ፣ የተፈጠረችለት ሥራ

በሴፕቴምበር 1945 ጃፓን እጇን ሰጠች። በቲሞር ደሴት ያለው የጃፓን ጦርም እጁን ሊሰጥ ነው፤ የአውስትራሊያ መርከቦች ወደ ኩፓንግ ወደብ መግባት አለባቸው። ግን ባሕሩ ውስጥ ፈንጂ አለ። ማን ይቅደም?

አብርሃም ክራይንሰን ቀደመች። ሸሽታ ከወጣችበት አካባቢ ተመልሳ፣ ገመዷን ዘርግታ፣ የኩፓንግን መግቢያ ጠረገች። ሌሎቹ መርከቦች እሷ ባጸዳችው መንገድ ገቡ። የሰላሙን ወረቀት የፈረሙት ሌሎች ናቸው፤ መንገዱን የጠረገችው ግን እሷ ናት። በመላው የጦርነት ታሪኳ ውስጥ እኔን ደስ የሚለኝ ቦታ ይህ ነው።

የማይመቸው ምዕራፍ

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለን። ግን አያልቅም፤ ለልጆችም ግማሹን ብቻ መንገር ልክ አይመስለኝም።

በኦገስት 17 ቀን 1945 ኢንዶኔዥያውያን ነጻነታቸውን አወጁ። ለእነሱ ሆላንድም ጃፓንም ባዕድ ገዢዎች ነበሩ። ሆላንድ ግን ቅኝ ግዛቷን መልሳ መያዝ ፈለገች፤ ወደ አራት ዓመት የሚጠጋ ደም አፋሳሽ ጦርነት ሆነ። አብርሃም ክራይንሰንም በዚያ ባሕር ላይ በነጻነት ታጋዮቹ ላይ ቅኝት ከሚያደርጉት መርከቦች አንዷ ሆነች። በዲሴምበር 27 ቀን 1949 ሆላንድ የኢንዶኔዥያን ነጻነት ተቀበለች፤ መርከቧም በ1951 ከዚያ ወጣች።

ልጆቻችሁ «ታዲያ ጥሩ መርከብ ናት ወይስ መጥፎ?» ብለው ይጠይቋችሁ ይሆናል። መርከብ ሰው በነዳት ትሄዳለች በሏቸው። የአገራቸውን በወራሪ መያዝ ያዩ፣ ተደብቀው ያመለጡ ሰዎች፣ ሌላው ሕዝብ «የእኔንም አገር ልቀቁልኝ» ሲል ወዲያው አልሰሙትም። ትልቅ ሰውም ይህን ይስታል። ይህን ለልጅ መንገር ታሪኩን አያበላሽም።

የልጆች መርከብ

ከዚያ በኋላ አብርሃም ክራይንሰን ወደ ሆላንድ ተመልሳ ለተወሰኑ ዓመታት የወደብ መግቢያ መረብ የሚጠብቁ መርከቦችን ሥራ ሠራች። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከጦር አገልግሎት ወጣች። ብረቷ ተቆራርጦ ከመሸጥ ይልቅ ለወጣት የባሕር ሠልጣኞች ማኅበር ተሰጠች። በሄግ፣ ኋላም በሮተርዳም ቆማ፣ ልጆች ገመድ ማሰርና መልህቅ መጣል ተማሩባት። ጎረምሶች ሲሯሯጡባት በዚያው ወለል ላይ ድሮ ጫካ በቅሎ እንደነበር ስንቱ ያውቅ ይሆን?

በ1995 ወደ ሙዚየም እንድትገባ ተወሰነ። ዛሬ በሰሜን ሆላንድ በደን ሄልደር ከተማ፣ በባሕር ኃይሉ ሙዚየም ውስጥ የጦርነት ጊዜ መልኳን ይዛ ቆማለች። ከአምስተርዳም በባቡር ከአንድ ሰዓት ብዙም አይርቅም። ሆላንድና ጎረቤት አገር የምትኖሩ፣ የትምህርት ቤት ዕረፍት ሲመጣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። በወለሉ ላይ ቁሙና 45 ሰው ምንም ሳይናገር ሲጠብቅ ገምቱ።

ለእኛ አገር ታሪክም የምትቀርብ የሆላንድ ፈንጂ ጠራጊ አለች። እ.ኤ.አ. በ1971 የያኔው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል «ኤልስት» የተባለች የሆላንድ ፈንጂ ጠራጊ አግኝቶ በቀይ ባሕር ላይ ለቅኝት ይጠቀምባት ነበር። በቤተሰባችሁ ውስጥ በምጽዋ በባሕር ኃይል ያገለገሉ አያት ወይም አጎት ካሉ፣ ስለ ፈንጂ ጠራጊ ብትጠይቋቸው ከዚህ ዓምድ የበለጠ ሊነግሯችሁ ይችላሉ። እባካችሁ ሳይረፍድ ጠይቋቸው።

ለቤተሰብ ጥያቄ

እራት ከቀረበ በኋላ፣ ቴሌቪዥኑን አጥፉና ተወያዩ፦

1. መርከቧ ቀን ቀን ለምን ትቆም ነበር? ሌሊትስ ለምን ትሄድ ነበር?
2. ውኃ ውስጥ ብዙ አለመግባቷ በስንት መንገድ ጠቀማት? (ሁለቱን ካገኛችሁ ጎበዞች ናችሁ!)
3. ለታናናሾች፦ አንድ መርከብ ሳሉና በቅጠል ደብቋት። ሥዕሉን ሳታስረዱ ለሌላ ሰው አሳዩ። መርከቧን በስንት ሰከንድ አገኛት?
4. ይቺኛዋ ለወላጆች ናት። አብርሃም ክራይንሰን እንዴት እንደመጣች ልጆቻችሁ አሁን ያውቃሉ። እናንተ እንዴት እንደመጣችሁ ግን ያውቃሉ? ከእናንተ መሐል ቀን ተደብቆ ሌሊት የተጓዘ አለ። በአውሮፕላን የመጣም አለ፤ እሱም ቢሆን ትቶት የመጣው ነገር አለው። ሁሉንም በአንድ ቀን መንገር አያስፈልግም፤ የማይነገርም ካለ ይቆይ። አንዱን ሌሊት ብቻ ንገሯቸው።

የወሩ ቃላት

ወደብ፦ መርከብ የሚቆምበት፣ ሰውና ዕቃ የሚወርድበት ቦታ።
መልህቅ፦ መርከብ እንዳይንቀሳቀስ ወደ ባሕር ወለል የሚጣል ከባድ ብረት።
ሰርጓጅ፦ ከውኃ በታች የሚሄድ መርከብ።
ቅኝት፦ አካባቢን እየዞሩ መጠበቅ።
ጥሻ፦ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ።

ልጆች፣ አምስቱንም ቃል አስገብታችሁ አንድ አንቀጽ በአማርኛ ከጻፋችሁ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፉት፤ እንግዳ ሲመጣ ያንብብላችሁ። በሚቀጥለው ወር በሌላ ታሪክ እስክንገናኝ፣ ሰላም ሁኑ!